ጭድ ያለበት ወለል

ከማውቃቸው ሥራዎች ሁሉ የምኮራበት አንድ ብቻ ነው፤ ጭቃ። የሚስቅ ይሳቅ። አዲስ አበባ ሳለሁ ከአባቴ ጋር ስንት ግድግዳ እንደመረግሁ እኔም አላውቀውም። ጭቃው ስንት ቀን መቡካት እንዳለበት፣ ጭዱ ሲበዛና ሲያንስ ምን እንደሚያመጣ፣ ምርጊቱ ደርቆ ልስኑን መቼ እንደሚቀበል፣ ይህን ሁሉ የተማርኩት ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ጭቃ ስረግጥ ነው። ጆሃንስበርግ ስመጣ ግን እውቀቴን የሚፈልግ አላገኘሁም። እዚህ ቤት ማለት ጡብ ነው፤ ካልሆነም ቆርቆሮ። መጀመሪያ ቴምቢሳ ውስጥ አንድ የአገሬ ልጅ ስፓዛ በሚሏት የሰፈር ሱቁ ውስጥ ቀጠረኝና ከሱቁ ፍርግርግ ኋላ ቆሜ ዳቦና የስልክ ካርድ ስሸጥ ከረምኩ። ሁለተኛ ጊዜ ስንዘረፍ ሥራውን ተውኩት። ወደ ከተማው፣ ትሮይቪል ሰፈር ገባሁና ቀለም መቀባት፣ አሸንዳ መጥረግ፣ የተሰበረ በር መጠገን ጀመርኩ።

ደግሞ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። በር ቆልፌ ሄጄ፣ ታክሲው ከተንቀሳቀሰ በኋላ "ቆልፌያለሁ ወይስ አልቆለፍኩም?" ብዬ የምወርድ ሰው ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን ያደረገው ሌላ ደፋር ሰው ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር። ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ።

ነገሩ በአሸንዳ ተጀመረ። ከከተማው በስተሰሜን፣ ዛፍ የበዛበትና አጥሩ ሁሉ ኤሌክትሪክ የተዘረጋበት ሰፈር ውስጥ አንዲት የኮሪያ ተወላጅ አሸንዳ እንድጠርግላት ጠራችኝ። ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው። እዚሁ ስላደገች እንግሊዝኛዋም ሆነ ሲገርማት "ኤይሽ" ማለቷ እንደዚህ አገር ሰው ነው። የጡብ ቤቱን ጨርሼ ከመሰላል ስወርድ "ከጓሮም አንድ አለ" አለችኝ። ተከትያት ዞርኩና ባለሁበት ቆምኩ።

ከአትክልቱ መካከል በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ ቤት ተቀምጧል። ሃኖክ ይባላል፣ የአገራችን የድሮ ቤት ነው፣ አለችኝ። ምሰሶዎቹ መሬት ውስጥ አልተቀበሩም፤ እያንዳንዱ በአንድ ድንጋይ ላይ ቆሟል። እኔ ያልተቀበረ ምሰሶ አላምንም። "ነፋስ ቢመጣስ?" አልኳት። ጣሪያውን አሳየችኝ። ጥቁር የሸክላ ክዳኑ በጣም ከባድ ስለሆነ ከላይ ተጭኖ ያጸናዋል፤ ጠርቦቹም ጫፍ ለጫፍ ተፈልፍለው እርስ በርስ ተነካክሰዋል፤ ምስማር የለም። የክፈፉ ማዕዘን ወደ ሰማይ ቀና ብሏል። ከሁሉ በላይ ግን ዓይኔ የሄደው በምሰሶዎቹ መካከል ወዳለው ግድግዳ ነበር። ጠጋ ብዬ በመዳፌ ዳበስኩት። ጭቃ ነው! በተሰነጠቀው በኩል ጭድ ብቅ ብሏል። ከስንት ዓመት በኋላ አንድ የሰፈሬን ሰው መንገድ ላይ ያገኘሁ መሰለኝና እንባዬ መጣ። ሴትየዋ አቧራ የገባብኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

ቤቱን የሠሩት አባቷ ናቸው። ከተማ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበራቸው፤ ይህን የሠሩት ገንዘብ እየቆጠቡ በቅዳሜና እሁድ ነው፤ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። እሳቸው የተወለዱበት እንዲህ ያለው ቤት በኮሪያው ጦርነት ጊዜ ተቃጥሏል። ከዚያ በኋላ አገሩ ሁሉ ወደ ኮንክሪት ፎቅ ሲዞር ለመንደራቸው አናጢዎችም ሥራ ጠፋ። ሽማግሌው በልጅነታቸው ያዩትን እያስታወሱ፣ የጣሪያውን ክዳን በመርከብ አስመጥተው፣ እንጨቱን ከዚሁ አገር ጥድ ጠርበው አቆሙት። የመጨረሻውን የላይ ጠርብ በሰቀሉበት ዕለትም እንደ አገራቸው ወግ ቀኑንና ምርቃቱን በጥቁር ቀለም ጽፈውበታል። ቀና ብዬ አየሁት፤ የማላነበው ጽሑፍ ቢሆንም የአንድ ሰው እጅ መሆኑ ያስታውቃል።

አንድ ነገር ብቻ ወጉን አፍርሷል። ይህ ዓይነቱ ቤት ጀርባውን ለተራራ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞራል፤ በብርዱ ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ከክፈፉ ሥር ገብታ ወለሉን ታሞቃለች፤ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ከፍ ስለምትል ያው ክፈፍ ይመልሳታል። ጆሃንስበርግ ላይ ግን የብርድ ጊዜ ፀሐይ በሰሜን ነው የምትሄደው። ሽማግሌው ብዙ ካሰቡ በኋላ ቤቱን ወደ ሰሜን አዞሩት። ሚስታቸው ለዓመታት "የተገላበጠ ቤት" እያሉ ሲነጫነጩባቸው ኖረዋል። አሁን ሽማግሌው የሉም፤ ሰማንያን ያለፉት ሚስታቸው ግን የልጃቸውን የጡብ ቤት ትተው የሚተኙት በዚያ በተገላበጠው ቤት ውስጥ ነው።

ቤቱ ሁለት ዓይነት ወለል አለው። መካከሉ ፊቱ ክፍት የሆነ የሳንቃ ወለል ነው፤ ማሩ ይሉታል፤ ለሙቀት ጊዜ ነው። ከጎኑ ያለው መኝታ ክፍል ለብርድ ነው፤ ወለሉን ኦንዶል ይሉታል። ከክፍሉ ውጭ፣ ግድግዳው ሥር፣ ምድጃ አለ። እንጨት ሲነድበት እሳቱና ጭሱ በወለሉ ሥር በተሠሩ የድንጋይ ቦዮች ውስጥ ያልፍና በወዲያኛው ጫፍ ለብቻው በቆመ ጭስ ማውጫ ይወጣል። ቦዮቹ በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደናሉ። በድንጋዩ ላይ ጭቃ፣ በጭቃው ላይ ድርብርብ ወረቀት፣ በወረቀቱ ላይ የአኩሪ አተር ዘይት። ሰው የሚተኛው እዚያ ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ነው። ለምድጃው የሚቀርበው ጫፍ ከሁሉ ስለሚሞቅ ለታላቅ ሰው ይተዋል። ሎድሼዲንግ በሚሉት ፈረቃ መብራት ጠፍቶ የሰፈሩ ሂተር ሁሉ ሲቀዘቅዝ ያ ወለል እስከ ጠዋት እንደሞቀ ይቆያል።

እኔ ይህን ስሰማ ከመደነቅ ይልቅ ፈራሁ። ቴምቢሳ ሳለሁ ከሱቃችን ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል የሚኖሩ ባልና ሚስት ነበሩ። ሐምሌ እዚህ ዝናብ የለውም፤ ብርድ ብቻ ነው። አንድ ቀን ብርዱ ሲጠናባቸው ምባውላቸውን፣ ማለትም ጎኑ በተበሳሳ ቆርቆሮ የሚቀጣጠለውን የድንጋይ ከሰል፣ ወደ ውስጥ አስገብተው በሩን ዘጉ። ጠዋት ለዳቦ ሳይመጡ ሲቀሩ እኔና የሱቁ ባለቤት ሄደን በሩን ገፋነው። ተቃቅፈው ተኝተዋል። ፊታቸው ላይ ምንም ሕመም የለም። ከዚያ ወዲህ ሰው ካለበት ክፍል አጠገብ እሳት ሲነድ ሳይ በሩ ክፍት መሆኑን ሳላረጋግጥ አላልፍም።

"ወለሉ ማጨስ ጀምሯል" አለችኝ ልጃቸው። "አባቴ ከሞተ ወዲህ ድንጋዮቹ ሰምጠዋል፤ ጭቃውም ተሰነጣጥቋል። የጠራሁት ሠራተኛ ሁሉ ሲሚንቶ ይለኛል። እናቴ ሲሚንቶ አልፈልግም ትላለች። አንተ ጭቃ ታውቃለህ?"

የምኮራበትን ነገር ጠየቀችኝ። ፍርሃቴን ዋጥ አድርጌ "ጭቃማ የእኔ ነው" አልኳት።

እናትየውን ያገኘኋቸው በማግስቱ ነው። ትንሽዬ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ፣ ዓይናቸው ሥራ የሚፈትሽ ሴት ናቸው። ልጃቸው ከኢትዮጵያ መሆኔን ስትነግራቸው ሁለት እጆቼን ያዙ። በጦርነቱ ጊዜ ልጅ ሳሉ የእኛን ወታደሮች አይተዋል። "የእናንተ ሰዎች ለእኛ ሞተዋል" አሉ፤ ልጃቸው ተረጎመችልኝ። ከእኔ ዘመዶች ኮሪያ የዘመተ አንድም የለም። ይህን መናገር ነበረብኝ፤ ነገር ግን እጄን አጥብቀው ያዙኝ። በሌሎች ደም የተገኘ ከበሬታ ተቀብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ "እማማ" እላቸዋለሁ።

ሥራውን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። የሰመጡትን ድንጋዮች አንሥቼ አስተካክላለሁ። ጭቃውን ከአሸዋ ጋር አቡክቼ እደለድላለሁ። ከዚያ ትንሽ እሳት እያነደድኩ ሲደርቅ የሚወጣውን ስንጥቅ ሁሉ በቀጭን ጭቃ እያሸሁ እዘጋለሁ፤ ደግሞ አነድዳለሁ፣ ደግሞ አሻለሁ፤ ስንጥቅ እስኪጠፋ ድረስ። በመጨረሻም ተነሥተው ግድግዳው ላይ ብቅ ያለውን ጭድ በጣታቸው ነካ አደረጉና "እዚህ፣ አዎ" አሉ። ወለሉን ጠቁመው ደግሞ "እዚህ፣ አይሆንም። እሳት ይበላዋል" አሉ። ልጃቸው ሁለት ጊዜ ተረጎመችልኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። በልቤ ግን "ጭድ የሌለው ጭቃ ምኑ ጭቃ ነው?" እያልኩ ነበር።

እማማ ኬፕታውን ያለው ወንድ ልጃቸው ዘንድ ለሦስት ሳምንት ሄዱ። ልጃቸው ሥራ ትውላለች። እኔና ወለሉ ብቻ ቀረን። ድንጋዮቹን አስተካከልኩ፤ ጭቃውን እንደተባልኩት በአሸዋ አቡክቼ ደለደልኩ። በሦስተኛው ቀን ስመጣ ወለሉ የኤሊ ጀርባ መስሎ ጠበቀኝ። የግንቦት ነፋስ እዚህ አገር ከንፈር ያደርቃል፤ ጭቃዬንማ ምን ያድርገው! ስንጥቁን በቀጭን ጭቃ አሸሁ፤ ከጎኑ ሌላ ወጣ። ያንንም አሸሁ፤ ሌላ ወጣ። በየስንጥቁ ውስጥ ያ የቴምቢሳ በር ይታየኝ ጀመር። እማማ ሊመለሱ አንድ ሳምንት ቀረ። ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ እንደሆነ ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ግን ፈሪ ስለሆንኩ ነገር ቶሎ እንዲዘጋ ነው የምፈልገው።

የፈረስ መኖ ከሚሸጥበት መደብር አንድ እስር ጭድ ገዛሁ። በቢላ ከታተፍኩትና ከመሣሪያ ቦርሳዬ ሥር ደበቅኩት። መደበቄ ራሱ ጥፋት መሆኑን እንደማውቅ ይመሰክራል። መጀመሪያ አንድ እፍኝ ብቻ አልኩ። ከዚያ ሌላ እፍኝ። እጄ ሲለምደው ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁና ልክ ከአባቴ ጋር እንደማደርገው ረገጥኩት። አሮጌውን ልጬ ያንን ደለደልኩ። አልተሰነጠቀም! አንድ ፀጉር የሚያስገባ ስንጥቅ እንኳ አልወጣበትም። ወለሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ቆሜ አየሁት። አላፈርኩም፤ ኮራሁ እንጂ።

እማማ ሲመለሱ ተንበርክከው በመዳፋቸው ዳበሱት። ደስ አላቸው። እናትና ልጅ ወረቀቱን ደራርበው ለጠፉ፤ ዘይት አጠጡት፤ ወለሉ ማር የመሰለ ቢጫ ሆነ። እማማ እንደገና እጄን ያዙና ከሚያውቋት ጥቂት እንግሊዝኛ "ጥሩ እጅ" አሉኝ።

ሐምሌ ላይ ቅጠል ልጠርግ ሄድኩ። እማማ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው በማሩ ሳንቃ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ግንባራቸውን በሁለት ጣት ይዘዋል። "ምን ሆኑ?" አልኳት ልጃቸውን።

"ራስ ምታት ነው። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ይሆናል፤ ደም ግፊትም አለባት። ጠዋት ስትነሣ ይይዛታል፤ ከቀትር በኋላ ይተዋታል።"

ጠዋት ስትነሣ። እኔ በሠራሁት ወለል ላይ አድረው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንደጠረግሁ አላስታውስም።

ያ ቅዳሜ ነበር። ትሮይቪል ስደርስ ከመሣሪያ ቦርሳዬ ውስጥ ከዚያው ጭቃ የደረቀ ጓል አገኘሁ። ግቢው ውስጥ የከሰል ምድጃ አቀጣጥዬ ፍሙ ውስጥ ቀበርኩትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አውጥቼ፣ ሲበርድ በመዶሻ ለሁለት ከፈልኩት። ጭዱ የለም። ጭዱ የነበረበት ቦታ ሁሉ ጥቁር ቀዳዳ ሆኗል፤ ጭቃው ወንፊት ሆኗል። እማማ "እሳት ይበላዋል" ያሉት ይህንን ነው። ያን በመሰለ ወለል ላይ፣ ከሁሉ በሚሞቀው ጫፍ፣ እማማ ተኝተዋል። በእሳቸውና በጭሱ መካከል ያለው ወረቀት ብቻ ነው።

በዚያች ደቂቃ ስልክ አንሥቶ መናገር ነበር። አልተናገርኩም። ይህን ለማሳመር ብዙ ሞክሬያለሁ፤ አላምር አለኝ። ፈራሁ። እዚህ አገር ያለኝ የጥገኝነት ወረቀት ነው፤ ፖሊስ ቢጠሩብኝ ምን እንደሚሆን ለራሴ አንድ በአንድ ተረኩለት። ደግሞም አፈርኩ። እነዚያ እጄን የያዙ እጆች ሲለቁኝ ታዩኝ። ስለዚህ የፈሪ ዘዴ አበጀሁ። እሁድ ጠዋት ለልጃቸው ደውዬ "እማማ ተነሡ?" አልኳት። ተነሥተዋል። "ወረቀቱ በደንብ እንዲደርቅ ማታ መስኮቱን ገርበብ ያድርጉት" አልኩ። ሰኞም ደወልኩ። ተነሥተዋል። ማክሰኞም ደወልኩ። "አንተ እንዴት ደግ ሰው ነህ" አለችኝ። "በነገራችን ላይ መስኮቱን እምቢ ብላለች፤ ይበርደኛል ትላለች።" ስልኩን ዘጋሁ። ምሳዬን ሳልነካ አስቀመጥኩት። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልጃቸው የምታለቅስ ይመስለኛል።

ረቡዕ ያ የቴምቢሳው ባለ ስፓዛ ዕቃ ሊያወጣ ከተማ ሲገባ እኔ ዘንድ ሻይ ሊጠጣ ጎራ አለ። ከሥራው ብወጣም ወንድሜ ነው የምለው። ከስልጤ ነው የመጣው፤ አማርኛን ከእኔ ይልቅ በፍጥነት ይናገራል።

"ምን ሆነህ ነው አንተ? ታመሃል እንዴ?" አለኝ።

ሁሉንም ነገርኩት። የሻይ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"ያቺን ጠዋት ረሳሃት? በሩን አብረን ነው የገፋነው።"

"አልረሳሁም።"

"ታዲያ?"

"ፔፐሬ… ፖሊስ ቢጠሩብኝስ ወንድሜ? ዲፖርት ቢያደርጉኝስ?"

"ወላሂ አንተ፣ ሰው አያሳዝንህም እንዴ! አሮጊቷ ከሞቱ ፔፐርህን ምን ልታደርገው ነው? ተነሥ። ታክሲ ያዝ። አሁን! እየደወልክ ሂድ።"

ከመንገድ ደወልኩ። "ሲስተር፣ ስለ ወለሉ የምነግርሽ ነገር አለ። እማማ ዛሬ እዚያ ክፍል እንዳይተኙ" አልኳት። ስደርስ ከሥራ ተመልሳ እናቷ አጠገብ ማሩ ላይ ቆማለች። እማማ ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ተናገርኩ፤ ጭድ ጨምሬበታለሁ፤ አትጨምር ተብዬ ጨምሬበታለሁ፤ ተቃጥሎ ቀዳዳ ሆኗል፤ ራስ ምታታቸው ከዚያ ይመስለኛል። ልጃቸው ሰማችኝ። አልተረጎመችም።

"ንገሪያቸው" አልኩ።

ነገረቻቸው። የእማማ ቢላ ቆመ። ምን ያህል ጭድ እንደሆነ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር። ሌላ ነገር ጠየቁ።

"መቼ ነው ያወቅኸው ትላለች።"

"ቅዳሜ።"

ይህን ለመረዳት ትርጉም አላስፈለጋቸውም። ዓይኔን አዩኝ፤ ከዚያ ወደ ነጭ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር።

ምድጃው ውስጥ እርጥብ ቅጠል አነደድን። ጭሱ ብዙ ነበር። ልጃቸውና እኔ በሩን ከፍተን ወለሉን ስናይ ቆየን። ከሚሞቀው ጫፍ፣ ወረቀቱ ግድግዳውን ከሚነካበት ጥግ፣ እንደ ክር የቀጠነ ጭስ ቀጥ ብሎ ወጣ። ትራሳቸው ከሚቀመጥበት ስንዝር አይርቅም።

"እናቴ እዚህ ላይ ነው የተኛችው!" ብላ ጮኸች። "እናቴ! ሦስት ቀን በስልክ ተነሣች ወይ እያልክ! ውጣልኝ! ከዚህ ግቢ ውጣልኝ!"

እውነቷን ነው። ቦርሳዬን አነሣሁ። እማማ ከኋላችን አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። ልጃቸው ተከራከረቻቸው፤ እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ያንኑ ደገሙት።

"ምን አሉ?"

"እሱ ራሱ አፍርሶ ይሥራው፤ ከዚህ በኋላ ጭድ የማይጨምር ሰው እሱ ነው አለች።" ዓይኗን ጠረገች። "እኔ ብሆን አልፈቅድልህም።"

ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው፤ እኔ ወለሉን ማፍረስ ጀመርኩ። ያን ሁሉ የደከሙበትን ወረቀት በመሮ ስልጥ ጀርባው ጠቁሮ ነበር። እማማ ደህና ናቸው ተባለ። ጡብ ቤት ውስጥ እየተኙ፣ ራስ ምታቱ በሁለተኛው ቀን ተዋቸው። እሱ ደግሞ ጥርጣሬዬን ሁሉ አረጋገጠልኝና እንደገና አሳቀቀኝ።

አዲሱን ወለል እንደ መጀመሪያው ትዕዛዝ ሠራሁት። ጭቃና አሸዋ፣ ትንሽ እሳት፣ ስንጥቅ፣ ቀጭን ጭቃ። እማማ በየቀኑ መጥተው ደፍ ላይ ይቀመጡና ምግብ በሚያነሡበት ቀጭን እንጨታቸው ስንጥቅ ያሳዩኛል። እዚህ። እዚያ። ያልታየኝን ሁሉ ያያሉ። ጉልበቴ ቆሰለ፤ እጄ ጭድ ይፈልግ ነበር፤ ዝም አሰኘሁት። ልጃቸው በዚያ ሁሉ ቀን አንድ ቃል አልተናገረችኝም። በአሥረኛው ቀን እሳት አንድደን፣ እርጥብ ቅጠል ጨምረን አየን፤ ጭስ የለም። ወረቀትና ዘይቱ አለቀ። ልጃቸው የጋዝ ማስጠንቀቂያ ገዝታ ግድግዳው ላይ ሰቀለች። ሙሉ ቀን ነዶበት ማስጠንቀቂያው ዝም አለ።

ለማንም ይበቃ ነበር። ለእኔ አልበቃኝም። "እማማ ከመተኛታቸው በፊት እኔ ልተኛበት" አልኩ።

"ማሽኑ አለ እኮ። ሞኝነት ነው" አለች ልጃቸው ፊቷን ሳታዞር።

እማማ አሰቡበትና ፈቀዱ፤ ሆኖም ዝም ብዬ እንድተኛ አይደለም። እሳቸው ውጭ ማሩ ላይ ይቀመጣሉ። በየጊዜው በምርኩዛቸው ሳንቃውን ያንኳኳሉ፤ እኔ ወለሉን በእጄ እመታለሁ። ልጃቸው ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ጡብ ቤቱ ገባች።

ከምሳ በኋላ ነበር፤ ፀሐይ በሰሜን በኩል ክፈፉ ሥር ገብታለች። ጫማዬን አወለቅሁ። አየር እንዳይገባና ፈተናው እንዳይበላሽ የወረቀት በሩን ዘግቼ ከውስጥ መቀርቀሪያውን አጠበቅሁ። በእሳቸው ቦታ፣ በሚሞቀው ጫፍ፣ በጀርባዬ ተጋደምኩ። ማስጠንቀቂያው ላይ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ኳ፣ ኳ። ወለሉን መታሁ። የላይኛውን ጠርብ፣ የሽማግሌውን ጽሑፍ አየሁ። ኳ፣ ኳ። መታሁ። ራሴን አዳመጥኩ፤ ሕመም የለም፤ ማቅለሽለሽ የለም። ሙቀቱ ከወገቤ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ትከሻዬ ወጣ። ከሐምሌ መግቢያ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር በቅጡ አልተኛሁም ነበር። ኳ፣ ኳ። መታሁ መሰለኝ።

የነቃሁት እንጨት ሲሰበር ነው። ዓይኔን ስከፍት የበሩ ወረቀት ተቀዶ፣ ፍርግርጉ ተሰብሮ፣ አንድ ቀጭን ክንድ እስከ ትከሻው ገብቶ መቀርቀሪያውን ይፈልጋል። ክንዱ ላይ ደም አለ። ከውጭ እማማ ይጮኻሉ። ያ ዝቅ ያለ ድምፃቸው እንዲህ መጮኽ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

"ደህና ነኝ! እማማ፣ ደህና ነኝ! ሞቆኝ ተኝቼ ነው!" እላለሁ በአማርኛ፤ የትኛውም ቋንቋ አልመጣልኝም። መቀርቀሪያውን ከፈትኩ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይኔን አዩ፣ አፌን አሸተቱ፣ ከዚያ ደረቴን በቡጢ እየመቱ አለቀሱ። ልጃቸው ከጡብ ቤቱ በባዶ እግሯ እየሮጠች መጣች። ደሙን አየች፤ እኔን አየች፤ ግድግዳው ላይ ያለውን አረንጓዴ መብራት አየች። እናቷን ደግፋ ማሩ ላይ አስቀመጠቻቸውና ፋሻ ልታመጣ ሮጠች።

ስትመለስ "ምን ያህል ጊዜ ተኛሁ?" አልኳት።

ጠየቀቻቸው። እማማ አሁንም ትንፋሻቸው አልተመለሰም።

"ሁለት ጊዜ አንኳኩቼ አልመለሰልኝም ነው የምትለው" አለችኝ፤ ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ፊቴን አይታ ስታናግረኝ ያ የመጀመሪያዋ ነው። "ሁለት ደቂቃ ዝም ብትል ነው።"

ሁለት ደቂቃ። እኔ ዝም ያልኩት ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ ነው። ተንበርክኬ የእማማን ክንድ ከፍ አድርጌ ያዝኩ፤ ልጃቸው ፋሻውን ጠመጠመች።